እርፉን የጨበጥሁበት አርብ

አባቴና ጎረቤታችን የተጣሉት በበሬ ነገር ነው። ድንበር አልተገፋፉም፣ ደም የለባቸው፤ በሬ ተሰደበ፣ አለቀ።

ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው። እኛ ዳልቻ አለን፣ እሳቸው ቡሬ አላቸው። በሬዎቹ ከወይፈንነታቸው ጀምረው አንድ ቀንበር ሥር ነው ያደጉት፤ አንድ ቀን የእኛ ማሳ ይታረሳል፣ በማግስቱ የእሳቸው። መቀናጆ ይባላል። በመቀናጆ ለመኖር መዋደድ የግድ አይደለም፣ መነጋገር ግን የግድ ነው። ጎረቤታችንን ደግሞ ጋሸ እያልሁ ነው ያደግሁት፤ ወንድሜን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው።

ግንቦት ላይ ማኅበር ተቀምጠው ሳሉ ጋሸን ጠላው ሞቅ አደረጋቸውና፣ «የአበልጄ ዳልቻ እኮ ቀንበሩን ያጅበዋል እንጂ አይጎትተውም» አሉ። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። የያዘውን ጠላ እንዳጋመሰ አስቀምጦ ወጣ። እናቴ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው፣ «በሬ የሰደበ ባለቤቱን ሰደበ» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለ፣ ቀንበርም የለ።

እኔ ያኔ ሥራ ፈት ነበርሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናው ጥሎኝ፣ ከጓሮ ደጅ ከደጅ ጓሮ ስመላለስ ለእናቴ ራስ ምታት የሆንሁበት ሰሞን ነው። ነፋስ መውጫ ከተማ ለወጣቶች የግጭት አፈታት ሥልጠና አለ ሲባል የሄድሁት ለሻዩና ለዳቦው ነበር፤ አልዋሽም። አሠልጣኙ ሸሚዙ ጥርት ብሎ የተተኮሰ ጎልማሳ ነው። «ሰውየውን ከችግሩ ለዩት» አለን። «አንተ እንዲህ አደረግህ ከማለት፣ እኔ እንዲህ ተሰማኝ በሉ» አለን። «የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ ያኔ እንደተደመጠ ያውቃል» አለን። ሁለቱም ወገን ሲያሸንፍ ዊን ዊን ይባላል። ሁሉንም ወደድሁት። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ስመለስ አገር የማስታርቅ መስሎኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ሰኔ ገብቷል፤ ዳገቱ ላይ ያለው የገብስ ማሳችን ግን አንዴ ብቻ ታርሶ ቀርቷል። አባቴ እልህ ይዞት ከአጎቴ ዘንድ በሬ ተውሶ መጣ። በሬ የለመደውን ጎን አይለቅም፤ ዳልቻ የቀኝ በሬ ነው፣ ለካ የአጎቴም የቀኝ ኖሯል። ሁለቱ ቀኙን ሲሻሙ አባቴን ይዘውት ማሳው መሀል ክብ ዞሩ። ጋሸ የማሳውን ካብ ተደግፈው ያያሉ። አልሳቁም፤ ብቻ ሳል ያዛቸው። በሳምንቱ እሳቸው ቡሬን ከጭነት ፈረሳቸው ጋር ጠመዱት። ፈረሱ ቀንበሩ ገና ሲነካው ተኛ። ያን ቀን ሳሉ ወደ አባቴ ተሻገረ።

የአገር ሽማግሌዎቹ መልእክት ቢላክባቸው «እንመጣለን» አሉ፤ መጀመሪያ ለቅሶ ነበረባቸው፣ ቀጥሎ ዝናብ፣ ቀጥሎ የወር በዓል። የነፍስ አባታችን ሁለቱንም ከቅዳሴ በኋላ ይዘው «ታረቁ» ቢሏቸው ሁለቱም «እሺ አባ» ብለው መስቀል ተሳልመው፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች መንገድ ሄዱ። እሺ ማለት ምን ችግር አለው? ችግሩ ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ነው።

ስለዚህ እኔ ገባሁበት። የሁለቱን ግቢ የሚለየው ካብ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ፤ አባቴን በዚህ በኩል፣ ጋሸን በዚያ በኩል አስቀመጥሁ። የመጡት ለእኔ ብለው ነው፤ ወይም ሌላው ምን ይል ይሆን ብለው።

«ጋሸ፣ እርስዎ ይጀምሩ። ግን ስለ ራስዎ ስሜት ብቻ።»

«ስለ ምኔ?»

«እኔ የሚሰማኝ ብለው ይጀምሩ።»

ጋሸ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የሚሰማኝ . . . ዳልቻው ሰነፍ መሆኑ ነው የሚሰማኝ።»

አባቴ ሊነሣ ሲል እጄን ዘረጋሁ። የሰሙትን መልሶ መናገር የሚባለው ሕግ ትዝ አለኝ። «እንግዲህ እንደሰማሁዎት ጋሸ፣ የእኛ በሬ ቡሬን ያደክመዋል፣ አይጎትትም፣ ነው የሚሉት።»

«ይኸው! የገዛ ልጅህ መሰከረች!» አሉ ጋሸ።

«አንቺም አልሽው?» አለ አባቴ። «እንጀራዬን እየበላሽ?»

«አባየ፣ እኔ አላልሁም፤ እሳቸው ያሉትን ነው የደገምሁት።»

«ስድብ የሚደግም ተሳዳቢ ነው።»

«እሺ፣ አንተ ደግሞ የሚሰማህን ተናገር።»

አባቴ ቀና አለ፤ ድምፁን አለሰለሰ፤ ደስ አለኝ። «እኔ የሚሰማኝ» አለ፣ «አንተ ጠላ የማትችል ሐሜተኛ እንደሆንህ ነው።»

ጋሸ ዱላቸውን አነሡ፤ የመቱት ካቡን ነው። ካቡ ተናደና እኔ ከእነ ዊን ዊኔ ጓሮ ጎመን ላይ ወደቅሁ።

ሐሙስ ማታ አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ «ነገ አርብ ገበያ እወርዳለሁ» አለ። «መሬቱን ለእኩል እሰጣለሁ። ባለ ጥማድ ይረሰው።» እናቴ የያዘችው ጭልፋ ቆመ። ለእኩል መስጠት ማለት ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ግማሹን ገብስ ይወስዳል ማለት ነው። የዓመት ጎተራችን ሊጋመስ ነው። አባቴ ደግሞ በሕይወቱ መሬቱን ለሌላ እጅ ሰጥቶ አያውቅም፤ ሲናገር አንገቱን አቀርቅሮ አመድ ይጭራል። ሲሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ውኃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁና ምንጩ ላይ የጋሸን ባለቤት አገኘኋት። እትየ ነው የምላት፤ ትንሽ፣ ፈጣን ሴት ናት።

«እትየ፣ ነገ ጠዋት ቡሬ ከበረት ቢያመልጥ ማን ያየዋል?»

እንስራዋን እየሞላች ቀና ብላ አላየችኝም። «እኔ ጠዋት ጠዋት ዓይኔ አያይልኝም» አለች።

አርብ ማለዳ አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። እኔ ዳልቻን ነድቼ ዳገቱን ስወጣ ቡሬ ቀድሞኝ ማሳው ላይ ቆሟል። ሁለቱ ሲተያዩ ተጠጋግተው አንገት ለአንገት ይላላሱ ጀመር። ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም። ቀንበሩን ስጭን ዳልቻ ወደ ቀኙ፣ ቡሬ ወደ ግራው ራሳቸው ገቡልኝ።

የቀረው እርፉን መጨበጥ ነው። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማ ትለቀልቃለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ኖሬ ያገኘሁት መልስ «ኧረ በስመአብ!» የሚል ብቻ ነው። ጨበጥሁት። «በል!» አልሁ። በሬዎቹ ሄዱ፣ ማረሻው እንደ ፌንጣ ዘለለ፣ እኔም አብሬው ዘለልሁ። ወደ ታች ስጫነው ተቀበረ፤ ስለቀው አየር አረሰ። ከማሳው ሥር ማገዶ ተሸክማ የምታልፍ ሴት ቆመች፣ አየችኝ፣ ማገዶዋን ጣለች።

«ኡኡ! ሴት እያረሰች! የሰው ያለህ!»

ጩኸቱ ገደሉን ዞረ። እኔም የፈለግሁት እሱን ነበር።

ጋሸ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ከላይ ከቤተ ክርስቲያን በኩል መጡ። አባቴ ከገበያው መንገድ ተመልሶ ዱላውን እያወናጨፈ ከታች መጣ። እኩል ደረሱ።

«ልቀቂ!» አሉ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«አልለቅም። እናንተ ተጣልታችኋል። እኔ ከማንም አልተጣላሁም፤ በሬዎቹም አልተጣሉም።»

«ይችን ልጅ አንተ ነህ ያበላሸሃት» አሉ ጋሸ ወደ አባቴ ዞረው። «ትምህርት፣ ትምህርት እያልህ!»

«ትምህርቱስ ደኅና ነበር» አለ አባቴ። «ያበላሻት ሥልጠናው ነው።»

ጋሸ አሰቡት። «እሱስ እውነትህን ነው። ሥልጠናው ነው።»

ከግንቦት ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

አባቴ የሄድሁበትን ትልም አየ። «ይሄ ምንድን ነው? የእባብ መንገድ?»

«እባብም ጠጥቶ ካልሆነ እንዲህ አይሄድ» አሉ ጋሸ።

አባቴ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። ገፋ አድርጎኝ እርፉን ከእጄ ወሰደ። ጋሸም ወደ ቀንበሩ ሄዱና ያሰርሁትን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳልቻ ጋ ደርሰው ማነቆውን ፈቱ፤ አንገቱን በመዳፋቸው አሹት፣ መልሰው አሰሩት።

«ጠብቆበት ነው» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ይልጠው ነበር። በሬ እንዲህ እየታነቀ እንዴት ይጎትታል?»

አባቴ ጅራፉን አነሣ። «በል ቡሬ፣ ጎበዝ!» አለ። የራሱን በሬ አላነሣም፤ የእሳቸውን ነው ያሞገሰው። ጋሸ ከኋላ እየተከተሉ የእኔን እባብ በእግራቸው ጓል እየገፉ ደፈኑት። መሬቱ ለእኩል ሳይሰጥ በሳምንቱ ገብሱ ተዘራ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። መቼም አይቀሩ! ጠላ ተጠምቋል፣ ዳቦ ተጋግሯል፤ የሚታረቅ ሰው ግን የለም። አባቴና ጋሸ አንድ መደብ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያለ ነገር ጠላ መጠጣት ነውር ሆነባቸው፤ ተያዩና እኔን ጠሩኝ። ከሳሾቹ ሁለቱ ናቸው፣ ተከሳሿ እኔ።

«ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ» ተባልሁ።

ወጥቼ ባቄላ የምታክል ጠጠር አምጥቼ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥሁ።

«ከዚህ የሚተልቅ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አሉ ጋሸ።

«ካቡን ካፈረሱት ወዲህ ድንጋዩ ሁሉ ጎመን ላይ ነው፣ ጋሸ። ደግሞ እኔ የሚሰማኝ . . .»

«ዝም በይ!» አሉ ሁለቱም፤ ባንድ አፍ፣ እንደ ድሮ ወንድማማች።

እትየ ጠላ እየቀዳች ነበር። ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። «አይ የዛሬ ልጆች» አለች፣ «የሰው በሬ ነድቶ መሄድ!» ከዚያም ጎንበስ ብላ የእኔን ዋንጫ ከሽማግሌዎቹ አስበልጣ ሞላችው።