አክቶሽ ያልነበረበት ሳምንት

ምላሴን በቆረጠው! ኢስማናሊን ጉድ የሠራው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ቡሩል ነኝ፣ አጥር የምንጋራው ጎረቤቱ።

ኢስማናሊ ሠላሳ ዓመት የመንደራችንን ትራክተር ሲነዳና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ባትማ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። አንድ ልጁ ኑርዛዳ ሩሲያ ሄዳ ሆቴል ታጸዳለች። አምና ስትሄድ "አባዬ፣ ብቻህን እንዳትሆን" ብላ አንድ ቡችላ አሳቀፈችው። ደረቱ ነጭ ስለሆነ አክቶሽ አለው።

ወይ አክቶሽ! ጥጃ አክሎም አሁንም የሚታቀፍ ይመስለዋል። በሩ ሲጢጥ ካለ እየበረረ መጥቶ ትከሻ ላይ ይወጣል፣ ፊት ይልሳል፣ ከደስታ ብዛት ሽንቱ ያመልጠዋል። ሌባ ቢመጣ እንኳ ስሞ የሚያስገባ ነው። ለስግደት የታጠቡት ሽማግሌዎች ምራቁን ፈርተው ደጁን አንረግጥም አሉ። እኔም አንድ ቀን ለቅሶ ልደርስ ነጭ ሻሼን አስሬ ስወጣ አጥሩን ዘሎ ከነጭቃው ተጠመጠመብኝ። ደሜ ፈላ።

"ኢስማናሊ ባይኬ!" አልኩት፤ ታላቅ ወንድምን የምንጠራው እንዲህ ነው። "ወይ ውሻውን ይምረጡ ወይ ሰውን! ይሄ እብድ እያለ ማን ይመጣልዎታል?"

"ልጅ እኮ ነው ቡሩል። ሰው ሲያይ ደስ ብሎት ነው።"

"እንግዲያው ሻይዎን ከሱ ጋር ይጠጡ!"

ሐሙስ ዕለት መንጋውን ወደ ተራራ ለሚያወጣ እረኛ ሰጠው። ገመዱን ሲያስረክብ ውሻው አብረው የሚሄዱ መስሎት እየዘለለ እጁን ይልስ ነበር። ከዚያ ኢስማናሊ ቤት ለቤት ዞሮ "ውሻው ሄዷል፣ በሩ ክፍት ነው" አለን።

ዓርብ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ሊጥ በዘይት ጠበሰ፣ ሻዩን ጣደ። ከአጥሩ በላይ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ከስግደት ሲመለሱ በደጁ አለፉ። አንዱን ከብቱ ይጠብቀዋል፣ አንዱን ወገቡን ያመዋል። እኔም ድንቼን ልኮትኩት ብዬ ቀረሁ። ቅዳሜም ማንም አልመጣ፣ እሁድም ማንም። ጠዋት ምንጣፉን ያነጥፋል፣ ሲመሽ ያጥፋል።

ሰኞ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንፊት ልዋስ ሄድኩ። በሩ ሲጢጥ ሲል እየሮጠ መጣ፣ በሰባ ዓመቱ! እጅጌዬን ይዞ ጎትቶ አስቀመጠኝ። ሻይ ቀዳልኝ፣ ሲኒው ሥር ላይ ጥቂት። በእኛ ዘንድ ሲኒ ሞልቶ መስጠት "ጠጣና ሂድ" ማለት ነው፤ እንዲቆይ ለሚፈለግ ሰው ጥቂት ጥቂት ይቀዳል። ኢስማናሊ ግን አንድ ጉንጭ እንኳ የማይሞላ እየቀዳ፣ እየቀዳ፣ እጅጌዬን አልለቅ አለ። ቁርጥ አክቶሽን! አንጀቴን በላው። ለካ ውሻው ሰበብ ነው እንጂ፣ ባትማ ከሞተች ወዲህ ማናችንም ሄደን አናውቅም። ከማዘኔ ይልቅ ማፈሬ በለጠና "ድንቹን ፀሐይ መታብኝ" ብዬ ወንፊቱን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ በሩን ቆልፎ በእግሩ ወደ ተራራው ሄደ። ሐሙስ ተመለሰ፣ አክቶሽ ከፊት ከፊቱ እየፈነጠዘ።

ያን ቀን ሥራዬን ሁሉ ትቼ እርጎ ይዤ ሄድኩ፣ እስኪመሽ ልቀመጥ ብዬ። የእኔም ልጆች ከቤት ከወጡ ቆዩ፤ ድንቹንስ ለማን ብዬ ነው የምኮተኩተው? ውሻው ዘሎ ተጠመጠመብኝ። እጄን አውርጄ ዝም አልኩት፣ እንደ ልቡ ይላሰኝ።

"ግቢ ቡሩል፣ ተቀመጪ" አለኝ ኢስማናሊ። ቂም አልነበረበትም። አንድ እጁን አክቶሽ ራስ ላይ እንዳሳረፈ በሌላው ሻይ ቀዳልኝ።

ሲኒውን እስከ አፉ ሞላልኝ።