ከዚያ የቡና ለቀማ በኋላ

ድርጅታችንን የጀመርነው ቴፒ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መሸጫ በላይ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ነው። «እኛ» ስል እኔና ሚዛን ተፈሪ ላይ ኮምፒውተር አብራኝ የተማረች አንዲት የማሻ ከተማ ልጅ ነን። ገበሬው በተራ ስልኩ ደውሎ የዕለቱን የቡና ዋጋ በገዛ ቋንቋው የሚሰማበት አገልግሎት ሠራን። ኮዱን እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ገበሬዎቹ ዘንድ ትሄዳለች፣ የእናት ቋንቋዋን ሸክኖኖንም በራሷ ድምፅ ትቀዳለች። ቤንችኛውን እኔው አንብቤው ነበር፤ ገበሬዎቹ «ይሄ የከተማ ልጅ» እያሉ ሳቁብኝ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቡና ለቀማ ላይ፣ እንቅልፍ ተወኝ። አልደከመኝም። ጠዋት ከመስኮታችን ቁልቁል ሳይ ጆንያ የጫኑት መኪኖች፣ ሰዉ፣ ጭቃው ሳይቀር ለእኔ ብቻ የሚያበራ ይመስለኝ ነበር። ሐሳብ በሐሳብ ላይ ይመጣል፣ እጄ አይደርስበትም። ሰው ሁሉ «ጎበዝ» አለኝ። እሷ ብቻ አንድ ቀን ኮምፒውተሬን ከደነችና «ምግብ በልተሃል?» አለችኝ። መቼ እንደበላሁ ማስታወስ አቃተኝና ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ጌጫ ላይ ገበሬዎችን ሰበሰብን። አገልግሎቱን ለማስተዋወቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም። ለየቤቱ ኢንተርኔት፣ ከጫካው ቀጥታ ወደ ውጭ አገር ቡና የሚጭን አውሮፕላን፣ ማጂ ድረስ የሚዘረጋ የስልክ መስመር ቃል ገባሁላቸው። መሃል ላይ አለቀስኩ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እሷ መጥታ እጄን ያዘችና በዝግታ «ደክሞሃል፤ ና እንሂድ» አለች።

«ገና አልጨረስኩም!»

«አውቃለሁ። መኪና ውስጥ ትነግረኛለህ።»

ሚዛን ያለው እናቴ ቤት እስክንደርስ ነገርኳት። እጄን አልለቀቀችም።

ጅማ ሐኪም ዘንድ የወሰዱኝ እሷና እናቴ ናቸው። ሐኪሙ «ባይፖላር ይባላል፤ ስሜትህ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይወርዳል። መድኃኒት አለው» አለኝ። እናቴ «ጠበልስ?» ብላ ጠየቀች።

«ይጠመቅ፣ እማማ። መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ።»

መውረዱም መጣ። እናቴ ቤት ለወራት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። እሷ እሑድ እሑድ ከቴፒ በሚኒባስ ትመጣለች። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ሥራዋን ትሠራለች፤ አንድም ቀን «ተነሣ» አላለችኝም። ያን ጊዜ ከዓለም ሁሉ የሚናፍቀኝ የእሷ ጣቶች ቁልፎቹን ሲመቱ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ተሽሎኝ ወደ ሥራ ስመለስ አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ አገኘች። ቤተሰቦቿም ያንኑ ይፈልጉ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። «ቅሪ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷ ላይ ድካሟን ሳይ ሻንጣዋን አቀበልኳት።

አሁን ደህና ነኝ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ፣ ድርጅቱም ትንሽ ቢሆን ሰው ቀጥሮ ይሠራል። ግን ጠዋት መስኮቱ ጋ ስቆም መኪናው መኪና፣ ጭቃው ጭቃ ነው። ያ ሁሉ ብርሃን ሕመም እንደነበረ አውቃለሁ። እያወቅኩም ይናፍቀኛል። አንዳንዴ የሚናፍቀኝ እሱ ይሁን እሷ መለየት ያቅተኛል።

በቀደም ደወለችልኝ። እናቴን ልጠይቅ ሚዛን ሄጄ ነበር።

«ምንድነው የሚንኳኳው?» አለች።

«ዝናብ ነው። ጣሪያው ላይ።»

«እዚህ እንዲህ አይዘንብም» አለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም አልዘጋንም።