የክርስትና አባቴ መሐላ

ፖሊስ መሆን የፈለግሁት አገር ላገለግል ብዬ አልነበረም። ካኪ ልብስ፣ ጫማና የወር ደመወዝ አማረኝ፤ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ጀውሃ ላይ ከአሰብ የሚመጡ የጭነት መኪኖችን ሳራግፍ ሁለት ዓመት ከርሜያለሁ። ሾፌሮቹ ሐሺሽ ያጨሱ ነበር፤ እኔም አብሬ አጨስኩ። በጨዋታ የጀመርኩት ልማድ ሆነና በኋላ ያለሱ ጆንያ ማንሳት አቃተኝ። አንድ ቀን ፖሊሶች ደርሰው ከሾፌሮቹ ጋር ወሰዱኝ፤ ስሜን መዝግበው በማግስቱ ለቀቁኝ።

ደንግጬ ቀወት ወደ ቤተሰቤ ተመለስኩና ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። አርባ ቀን ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጡኝ። በዚያ ቆላ ሐሩር መስገድ ቀልድ አይደለም፤ ቢሆንም ፈጸምኩት። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሐሺሽ በእጄ አልነካሁም። በጅልነቴ ንስሐ የገቡበት ነገር ጨርሶ እንዳልተሠራ የሚቆጠር መሰለኝ። በሰማይ ተሰርዞ ይሆናል፤ የፖሊስ መዝገብ ግን በነፍስ አባት አይፈታም።

ሸዋ ሮቢት ላይ የፖሊስ ቅጥር ሲወጣ አመለከትኩ። ስለ ጠባዬ የሚምልልኝ ተያዥ እንዳመጣ ታዘዝኩ፤ የክርስትና አባቴን ለመንኳቸው። በሰፈራችን እሳቸው ያልገቡበት እርቅ አይጸናም ነበር። እሺ ብለውኝ ስንሄድ መንገድ ላይ ከበቅሏቸው ወርደው ፊቴ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ስለ ጀውሃ ውሎህ ወሬ ሰምቻለሁ። ያን ነገር አጭሰህ ታውቃለህ? በሐሰት እንዳታስምለኝ!»

«ኧረ አባባ፣ በጭራሽ!» አልኳቸው። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

መቶ አለቃው ፊት ቀርበው፣ «ንጉሥ ይሙት! ይህ ልጅ ሐሺሽ የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም» ብለው ማሉ። በዚያ ዘመን በንጉሥ ስም መማል እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። መቶ አለቃው መዝገቡን አስመጣ። ጸሐፊው ገለጥ ገለጥ አደረገና ስሜን ከሾፌሮቹ ስም ጋር ጮክ ብሎ አነበበው። ደጅ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ።

«አባቴ፣ ለሽምግልናዎ ስል አላስርዎትም፤ ይሂዱ» አላቸው መቶ አለቃው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ተሻገርን። ከዚያ ዘወር ብለው፣ «ብትነግረኝ እኮ፣ አጥፍቶ ተመልሷል ብዬ እምልልህ ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምናልባት እውነቱን ብንናገር ያ ሥራ ይገኝ ነበር።

በዓመቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን በማሽላ ማሳዋ ድንበር ተከሰሰች። የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል ከነበሩት በሕይወት የቀሩት የክርስትና አባቴ ብቻ ስለነበሩ ምስክር አድርጋ ጠራቻቸው። አጥቢያ ዳኛው ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ገና «ይማሉ» ከማለቱ ከሳሹ ብድግ አለ።

«ምስክሩን እነቅፋለሁ! እኚህ ሰው በንጉሥ ስም በሐሰት የማሉ ናቸው!»

እኔ ከሰዉ መሃል ቆሜያለሁ። «አላወቁም፤ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ቅጥሩ እንደገና ይወጣል የሚል ወሬ ሰምቼ ስለነበር፣ በአገር ሁሉ ፊት የክርስትና አባቱን በሐሰት ያስማለ መባል ፈራሁ። የክርስትና አባቴ ዓይን ፈልጎ አገኘኝ። ጥቂት ጠበቁኝ። አንገቴን ደፋሁ።

የአገሬ ሰው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። እሳቸው ግን ወደ ዳኛው ዞረው፣ «እውነቱን ነው፤ ምያለሁ» ብቻ አሉ፤ ስሜን አላነሱም። ሴትዮዋ ተፈርዶባት ማሳዋን ተነጠቀች። ከዚያ በኋላ ለእርቅም ለምስክርነትም የጠራቸው ሰው አልነበረም።