ትምህርት ቤቱን ያስበላው ምሳ

ባሕር ዳር ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው የሐይቁ ነፋስ የሚደርሰው ቦታ ካየ ሎጅ ሳይታየው አያልፍም። የትምህርት ቤታችን ጥፋትም ይኸው ነበር፤ ጣና ዳር መቀመጡ። የድንጋይ ግድግዳው የቆመው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ፊደል የቆጠርሁት እዚያ ነው፤ አድጌ አማርኛ የማስተምረውም እዚያው ነበር። ልጆቹ የሚራገጡበት ሜዳ፣ ከሜዳው ዳር ዋርካ፣ ከዋርካው ወዲያ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው።

አንድ ባለሀብት ቦታውን ጠየቀ ሲባል ደማችን ፈላ። ሕንፃው ቅርስ ይባል ወይስ ለልማት ይሰጥ የሚለውን የሚያጠና ቡድን ሊመጣ ነው ተባለ። እኛም ወግ ነውና ኮሚቴ አቋቋምን። ታሪኩን እንዲናገሩ የመረጥናቸው እኔንም ርዕሰ መምህሩንም ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሕንፃው ሲሠራ በልጅነታቸው ድንጋይ አቀብለዋል፤ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየትም አይመጣም።

"እንግዲህ ታሪኩ ተያዘ" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "ምሳውስ? ባዶ አፋቸውንማ አንሰዳቸውም።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤቱ ያነሣ ሰው የለም። ቡድኑ የሚመጣው ረቡዕ ነበርና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ስብሰባችንን ሁሉ ጨረሰው። የወረታ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ የሆነችው የሒሳብ መምህራችን "እኔ ረቡዕም እበላለሁ፤ ለእኔ ብላችሁ አትጨነቁ" እያለች ትስቅብናለች። በመጨረሻ ቀኑ ወደ ሐሙስ ይዛወርልን ብለን ቡድኑን ወደሚልከው መሥሪያ ቤት ደወልን። ወዲያው ፈቀዱ። ከለመንናቸው ነገር ሁሉ የተፈቀደልን እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዋርካው ሥር ጠረጴዛ ደረደርን። ቀረሶ የምንለው ዓሣ ከታንኳ ወርዶ በቀጥታ መጥበሻ ላይ ወጣ። የቡድኑ መሪ መጀመሪያ ኮታቸውን አወለቁ፤ ቀጥለው ክራቫታቸውን ፈቱ። ጡረተኛው መምህር ጉሮሯቸውን ጠርገው ብድግ አሉ።

"ይህ ትምህርት ቤት..." ከማለታቸው ርዕሰ መምህሩ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ደረሱ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቅመሱ እንጂ! በሞቴ!"

አንዱ ሳይዋጥ ሌላው ተከተለ። እንግዶቹንም ከበን "ይችን ብቻ፣ በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" እያልን አጎረስን። ለቁራጭ ዓሣ ስንቱ ሞተ! ለትምህርት ቤቱ በሞቴ ያለ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

የቡድኑ መሪ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሐይቁ ዞሩና በረጅሙ ተነፈሱ። "እውነት ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ነፋስ፣ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ይሄ ቦታ ለእንግዳ የተፈጠረ ነው።" እኛም ደስ ብሎን አጨበጨብን።

ውሳኔው ሲመጣ ማንም ቅርሳችንን አልናቀም። ሕንፃው አይፈርስም፤ ታሪካዊ ይዘቱን እንደ ጠበቀ የሎጁ ምግብ ቤት ይሆናል። ልጆቹ "ለጊዜው" ፋብሪካ ሰፈር ወዳለ ባዶ መጋዘን ይዛወራሉ። ጡረተኛው መምህር ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ታሪኩ እኮ አፌ ላይ ነበረ" አሉኝ። "ዓሣ ከታችሁበት እንጂ!"

አሁን የማስተምረው መጋዘኑ ውስጥ ነው። ከረፋድ በኋላ ቆርቆሮው ይግላል፤ ልጆቹ በደብተር ይራገባሉ። ሰሞኑን "ትምህርት ቤቴ" በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝሁ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ 'ነው' እያልን ነው የምንጽፈው ወይስ 'ነበር'?"

ሁሉም እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል።

"'ነው' በሉ!" አልሁ፤ ሳላስበው ጮኼ። "ሕንፃው ቆሞ የለም እንዴ?"

አቀርቅረው ጻፉ። ማታ ቤቴ ድርሰቶቹን ሳርም የዚያች ልጅ ወረቀት መጣ። ስለ ሜዳው፣ ስለ ዋርካው፣ በመስኮት ስለሚታየው ውሃ ጽፋለች፤ ከላይ እስከ ታች "ነበር" ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ደጋግሜ አነበብሁት። የሚታረም አላገኘሁበትም።