በዴሳ የተቀጠረችው ትህትና

ትህትና ግቢዬ ውስጥ ካሉት ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አንዱን ከተከራየች ሦስት ዓመት ሆናት። በእጽዋት ሳይንስ የተመረቀች የገሱባ ልጅ ናት፤ እናቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቦዬ የሚባለውን የሚቀቀል ሥር ይልኩላታል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳ፣ ክላሰር በደረቷ ታቅፋ ትወጣለች። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመለሳለች። የት እንደምትሠራ ጠይቄያት አላውቅም። ሶዶ ውስጥ ሰው በጠዋት ለብሶ ከወጣ ሥራ አለው ማለት ነው፤ ከዚያ አልፎ መጠየቅ ነውር ይመስለናል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ በረንዳዬ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን እንዳይስቁብኝ።”

“ምን ሆነሽ?”

“እኔ ሥራ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።”

ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኑን የምታሳልፈው መናኸሪያ ውስጥ ነበር። በሰፈራችን ልጅ በጩማ ባጃጅ ሄዳ፣ ወደ በዴሳ ከተማ የሚሄዱ ሚኒባሶች የሚቆሙበት ትወርዳለች፤ ከዚያ እንደ ተጓዥ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሚያውቃት ሰው ብቅ ሲል ተነሥታ ሌላ ወንበር ትይዛለች።

አሁን ግን ነገሩ ጠንክሯል። ዱቦ አጠገብ የተከፈተ አንድ የችግኝ ጣቢያ አወዳድሮ መርጧታል። የሚቀራት ሥራ አጥ መሆኗን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ያም እስከ ዓርብ መድረስ አለበት።

ድሮ ቢሆን ቀላል ነበር። የመንግሥት ሥራ ስምሪት ቢሮ ውስጥ ኤልሳዕ የሚባል ሰው መዝገብ ይዞ ይቀመጥ ነበር። በመነጽሩ ላይ አሻግሮ ያይና “ገና ነሽ?” ይላል፤ “ገና ነኝ” ስትለው ይጽፋል። ኤልሳዕ ጡረታ ሲወጣ የሥራ ፈላጊው ጉዳይ በኮንትራት ለአንድ የግል ድርጅት ተላለፈ፤ የሚከፈለውም ባስቀጠረው ሰው ቁጥር ነው። ድርጅቱ መዝጋቢ፣ አሠልጣኝ፣ አገናኝ፣ ሁሉንም ሆነ። ትህትናም ሄዳ ፎቶ ተነሥታለች፣ አሻራ ሰጥታለች፣ በጣቷ የታብሌት መስታወት ላይ ፈርማለች።

የዚያን ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ስትጠይቅ፣ መሲ የምትባለው የድርጅቱ ጸሐፊ ኮምፒውተሩን አየችና ፈገግ አለች።

“እንኳን ደስ አለሽ! ተቀጥረሻል እኮ።”

“የት?”

“በዴሳ፣ የእህል መጋዘን። የጥራት ተቆጣጣሪ። ከግንቦት ጀምሮ።”

“እህቴ፣ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ!”

“ሲስተሙ ሥራ ገበታ ላይ ነሽ ይላል። አሠሪውም በየወሩ ያረጋግጣል። አይደለሁም ካልሽ በቀበሌ ፊት ሦስት ምስክር አስፈርሚ።”

ማክሰኞ አብሬያት በዴሳ ወረድኩ። መጋዘኑ ከእህል ተራው ጀርባ ነው። በሩ ላይ ባዳቾ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጧል።

“ትህትና የምትባል ሠራተኛ አለች?” አልኩት።

“አለች። ገብታለች።”

አስገባን። የበቆሎ ጆንያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፤ ሰው የለም። ሚስማር ላይ ስሟ በደረቱ የተጻፈበት ነጭ ጋዋን ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ደብተሩ ተዘርግቶ ነበር። በየቀኑ ተፈርሟል፤ የዚያን ቀንም። ትህትና ክላሰሯ ላይ ፈርማ አጠገቡ አስቀመጠችው። የፊደሏ ጭራ እንኳ አልተሳሳተም።

“ማን ነው የሚፈርመው?” አለች።

“ትህትና ናታ።”

“አባባ፣ አይተዋት ያውቃሉ?”

“ቀድማኝ ነው የምትገባ። እኔ ስከፍት ተፈርሟል።” ትክ ብሎ አያት። “አንቺ እህቷ ነሽ?”

ፊርማ እንደሚቀዳ አውቃለሁ። አንዱ፣ የሆነ ቦታ ተቀምጦ፣ ቀጣሪም ተቀጣሪም ሆኖ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህን ለመረዳት ብዙ መማር አያስፈልግም። ያልገባኝ ጋዋኑ ነው። ሁለቱም ክርኖቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደገፉ እንደኖሩ ሁሉ አድፈው ነበር። ለትህትና አላሳየኋትም። እሷም አይታ ለእኔ አላሳየችኝም ይሆናል።

ዓርብ ቀበሌ ተሰበሰብን። ምስክሮቹ እኔ፣ ከአጥር ማዶ ያሉት ወይዘሮ የማርያምወርቅና ጩማ ነን። ሊቀመንበሩ ጌታሁን ቃሉን አነበበ፦ ሥራ እንደሌላት በዓይናችን አይተን እናውቃለን የሚል ነው።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ እስክሪብቶውን አልነኩትም።

“ልጄ፣ እንደ ሆዴ ልጅ እወድሻለሁ። ግን ሦስት ዓመት ስትወጪ ስትገቢ ያየሁትን አላየሁም ብዬ በኪዳነ ምሕረት ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?”

“እማማ፣ መናኸሪያ ነበር የምቀመጠው!”

“ነግረሽኛል። አላየሁማ።”

ጩማ አማርኛው አንቺና አንተን አይለይም። “በየጠዋቱ በዴሳ መኪና ሥር ያወረድኩህ እኔ አይደለሁ እንዴ? ‘አይዞህ ትህትና፣ መልካም ሥራ’ እያልኩህ!”

“ወርጄ ወዴት እንደሄድኩ አይተሃል?”

“ባጃጅ ወደ ኋላ ያያል? ወደፊት ማየቱም በመከራ ነው!”

ሰው ሳቀ። ትህትናም ለአፍታ ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ሰው ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሥራ አጥ ለመሆን እንኳ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ስናይ የኖርነው ሸሚዝዋንና ሰዓቷን ነው። ድርጅቱ አንዲት ትህትናን ፈጠረ እንበል። እሷን በየጠዋቱ ከደጅ የሸኘነው ግን እኛ ነን፤ የገዛ እፍረቷ ደግሞ ልብሷን ተኩሶላታል።

“ጋሼ፣ እርስዎስ? እርግጠኛ ነዎት?” አለ ጌታሁን።

ነኝ ማለት ነበረብኝ። የእነዚያ ክርኖች እድፍ ዓይኔ ላይ መጣና ዘገየሁ። ከዚያ ፈረምኩ፤ ግን መዘግየቴን ሁሉም አይቶታል፣ ትህትናም አይታዋለች። አንድ ፊርማ ደግሞ ሦስት አይሆንም። ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ፤ ችግኝ ጣቢያው ተከታይዋን፣ ሊድያ የምትባል ልጅ፣ ወሰደ።

ከቀጣዩ ሰኞ ጀምሮ ትህትና መናኸሪያ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ገና ሲነጋ ትወጣና የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ በዴሳ ትሄዳለች።

“ምን ልታደርጊ?” አልኳት፣ ባለፈው ሳምንት ስትመለስ አግኝቻት። ከስታለች።

“ልቀድማት ነዋ፣ ጋሼ። ሳትፈርም ከደረስኩ እኔ እፈርማለሁ። ያኔ ቦታው የእኔ ይሆናል።”

“ማን ናት እሷ? ልጄ፣ ተይ እንጂ።”

“ባዳቾ ቁልፉን ሰጥቶኛል።”

“ደርሰሽባት ታውቂያለሽ?”

“እስካሁን አልደረስኩባትም።” ክፍሏን ከፍታ ልትገባ ስትል ቆም አለች። “ዛሬ ግን የፊርማዋ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።”