የጾም ነው ያልሁት ቅባት

ባለፈው ሳምንት አዘዞ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ገብቼ ሻይ ቅጠል ስመርጥ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ወጣት የብስኩት እሽግ ዘረጋችልኝ። «አባባ፣ መነጽር አድርገዋል፤ ይኼ የጾም ነው ወይስ ወተት አለበት?» ጽሑፉ ከጤፍ ያነሰ ነው። ሦስት ቋንቋ ተደርድሮበታል፤ አማርኛው የት እንደ ተደበቀ የሚያውቀው የለጠፈው ሰው ብቻ ነው። እሽጉን ይዤ ዝም ስል ልጅቱ እርጅናዬን አይታ «ይተዉት፣ አይቸገሩ» አለችኝ። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ። ዝም ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስድሳ ዓመት በፊትም ተጠይቄ ነበር፤ ያን ጊዜ ለመመለስ ቸኮልሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር ወርጄ የጤና ሙያ እማር ነበር። የተቀመጥሁት በእናቴ ዘመድ በቄስ መኳንንት ቤት ነው። ቄስ መኳንንት ቀዳሽ ነበሩ። ከቤታቸው እስከ ደብሩ ባለው ዳገት ሰው ሁሉ መስቀል ለመሳለም ስለሚያስቆማቸው ሁልጊዜ ቀደም ብለው ይወጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ልጅ አልወለዱም፤ እኔን ነበር እንደ ልጅ የሚያዩኝ። ጥጋቤም ሳይመጣ አልቀረም ከዚያ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ጋር ገበያ እንወርድ ነበር። ሥጋው ይሸፈን፣ ዝንቡ ይባረር፣ ዕቃው ይታጠብ እያልን እንዞራለን። ነጩን ጋዋን ስለብስ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ከሻጮቹ መካከል ከአዘዞ የምትመጣ አንዲት የኑግ ዘይት ነጋዴ ነበረች፤ ዘይቷን በቅል ይዛ አፉን በጨርቅ ትወትፈዋለች። እትዬ ጥሩወርቅ ለጾም ወጥ የሚገዙት ከእሷ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አላስቀመጥ አልኋቸው።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ከዚያች ሴት ዘይት እንዳይገዙ።»

«ምነው? ምን አደረገች?»

«ንጽሕናው አይታወቅም። ምን እንደ ተቀላቀለበትስ በምን ይታወቃል?»

«ኑጉን ቆልታ ስትወቅጥ አይቻለሁ እኮ። ሸጋ ሴት ናት።»

«ሸጋነቷ ዘይት አያጠራም» አልሁ። ያችን አነጋገሬን ዛሬ ሳስባት አፍራለሁ። ዘይቱ እንከን አልነበረበትም፤ ለዓመታት በልተውት ማንንም አላመመም። ሴትየዋ ሁለት ቅዳሜ ደጃፋችን ድረስ መጥታ ተጣርታ ነበር። በሦስተኛው አልመጣችም።

በእኔ ምክር እትዬ ፒያሳ ካለ ሱቅ የውጭ ቅባት ገዙ። ነጭ ቆርቆሮ ነው፤ ቢጫ አበባ ተስሎበታል። ሲከፈት የረጋ፣ እንደ ወተት የነጣ ቅባት ነው። ቄስ መኳንንት አዩትና ፊታቸው ጨለም አለ።

«ቅቤ ይመስላል። ጽሑፉ ምን ይላል ልጄ?»

በራፉ ላይ ፀሐይ ነበር። ቆርቆሮውን ወደ ብርሃኑ አዞርሁት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። «ቬጅቴብል»፣ አትክልት የምትለውን አወቅኋት፤ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ከእሷ በፊት ግን አራት ፊደል ያላት አጭር ቃል አለች። አላውቃትም። ዓይኔ በላይዋ አለፈ።

«የአትክልት ነው አባ። የጾም ነው።»

«ሁሉንም አነበብኸው?»

«አዎ።»

እሳቸው ግዕዝ ሲያነቡ አንዲት ፊደል ብትስት የሚመለሱ ሰው ናቸው። እኔም እንደሳቸው የማነብ መስሏቸው አመኑኝ። ማን ያርማል? ገበያ ወርደን ስለ ዝንብና ስለ ክዳን እንቆጣ ነበር እንጂ፣ ሰው የሚበላው ነገር ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ ያለ አላጋጠመኝም። እኔም አላልሁም።

ሽሮው በዚያ ቅባት ጣመ። እትዬ «ዘንድሮ ጾሙ ፋሲካ ፋሲካ ይላል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቄስ መኳንንት ከሰዓት በኋላ ቀድሰው ደክሟቸው ሲመለሱ ያንኑ በልተው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ።

በጾሙ አጋማሽ መምህራችን ስለ ቅባት ዓይነቶች ሲያስተምር ያችን ባለ አራት ፊደል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፋት። ላርድ። የቀለጠ የአሳማ ስብ ነው አለ። ጾም መሻሩ አንድ ነገር ነው፤ አሳማ ግን ለእኛ በፋሲካም የማይበላ ነው። ያን በልተው መቅደስ የሚገቡ ቄስ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ልነግራቸው ወስኜ እየሮጥሁ ቤት ደረስሁ። ለቅዳሴ ሊወጡ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሳልነግራቸው ፎጣ አቀበልኋቸው። እሳቸው ሲወጡ ቆርቆሮውን አንስቼ ከጓሮ ቀበርሁት፤ ስቀብረው ላዩኝ ለእትዬም ጋዋኔን እንደ ለበስሁ «ተበላሽቷል፣ ለጤና አይሆንም» አልኋቸው። መጀመሪያ የዋሸሁት በኩራት ነው፤ ሁለተኛውን በፍርሃት።

ሲመለሱ ቄስ መኳንንት ጠሩኝ። «ቅባቱን ምነው ቀበርኸው?»

«ተበላሽቶ ነው አባ።»

«ሌላ የምትነግረኝ የለም?»

«የለም።»

አልተቆጡም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝና ገቡ። ከማግሥቱ ጀምሮ እግሬን አሞኛል ብለው መቅደስ መግባት ተዉ። የትንሣኤ ሌሊት እንኳ ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመው አስቀደሱ። መስቀላቸው እጃቸው ላይ አልነበረም። እኔም ከጎናቸው ጧፍ ይዤ ቆሜ፣ እግራቸው ነው፣ እግራቸው ነው እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ዛሪማ ጤና ጣቢያ ተመደብሁ። ጎንደር በመጣሁ ቁጥር ቄስ መኳንንት ከምግብ በኋላ ዝም ብለው ያዩኛል፤ ጨዋታ አይጀምሩም። የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ይገባኝ ነበር። በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ እያልሁ ስመለስ፣ አንድ ክረምት መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሳለ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቀብር አልደረስሁም።

ለተዝካራቸው ስመጣ እትዬ ጥሩወርቅ ጥግ ይዘውኝ ተቀመጡ። «ያን ጊዜ እግራቸውን አሟቸው አልነበረም። ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ቀኖና ተቀብለው ነው። በምን ምክንያት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ‹ልጁ በራሱ አፍ ይነግረኛል› አሉኝ። ነገርሃቸው?»

እዚያው ነገርኋቸው፤ ቃሏንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ውሸቴንም። ይረግሙኛል ብዬ ነበር።

«እኔም በልቻለሁ እኮ» አሉኝ። «እሳቸውስ ጠርጥረው ንስሐ ገቡ። እኔ እስከ ዛሬ ስቆርብ ኖርሁ። ለእኔ ማን ይነግረኛል ብለህ ነበር?»

ስለ እትዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሱቁ ውስጥ ልጅቱ እሽጓን ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ነበር። ቆይ ብዬ መነጽሬን ጠረግሁና ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት።

«ልጄ፣ ወተት የሚል አላየሁም። ግን እዚህች ጋ የማላውቃት ቃል አለች።»

«እንግዲያው ይቅር» አለችና እሽጉን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። አመስግናኝ ሄደች።

የማላውቃት ቃል አለች ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ቄስ መኳንንትም ያን ቀን በራፉ ላይ እንዲሁ «ይቅር» ይሉ ነበር።