ልኬ እሆናለሁ

ሬሐና ቡራዩ ላይ መጋረጃ ትሸጣለች። ሱቃችን ጎን ለጎን ስለሆነ ጠባይዋን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ደንበኛ "ስታምሪ!" ካላት ዋጋ ሊያስቀንስ ነው ትላለች። ምሳ ልጋብዝሽ ስላት እንኳን "ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?" ብላ ነው የምትቀመጠው። እንዲህ ሆና ሙአዊያን መውደዷ ይገርመኛል።

ሙአዊያ ሱሉልታ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። እንግሊዝኛ ስልጠና ከጀመረ ወዲህ የሚልክላት መልእክት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ቀን ስለ ሽማግሌ ጻፈላት። ልቧ በደስታ መዝለል ሲገባው እሷ አንዲት ቃል ላይ ተተከለች።

"ሌላ ጊዜ 'ዊል' ብቻ ነው የሚለው፤ ይቺ 'ሃቭ' ከየት መጣች?"

ፊት ለፊታችን ፎቶ ኮፒ ለሚሠራው ለኤርምያስ አሳየችው። እሱም ትምህርት ቤት እንደተማረው ተረጎመላት፦ "ረመዳን ሲገባ ሽማግሌ ልኬ እሆናለሁ።"

"እሆናለሁ? ልኬ ይሆናል፣ ላልክም እችላለሁ ነዋ የሚለኝ!"

"ደውለሽ ጠይቂው" አልኳት።

"ሌላ ውሸት እንዲያዘጋጅ?"

ማታውኑ ለአባቷ ለጋሽ አብዱረዛቅ "ከሱ ወገን ሰው ከመጣ አልፈልግም ብላለች በሏቸው" አለቻቸው።

ረመዳን ሳይገባ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ኦቦ ዲሪርሳ የሚባሉ አዛውንት ከፊት አስቀድመው። ጋሽ አብዱረዛቅ እንደተነገራቸው መለሷቸው።

ሬሐና ሽማግሌዎቹ እውነትም እንደመጡ ስትሰማ፣ አሳሳትከኝ ብላ ኤርምያስ ላይ ጮኸችበት። እሱ ምስኪን ደነገጠ። "'ዊል ሴንድ' ቢል እልካለሁ ማለት ነው፣ አለቀ። 'ዊል ሃቭ ሴንት' ሲል ግን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ልኮ ይጨርሳል ማለቱ ነው። እንዲያውም ቁርጥ ያለ ነው። አማርኛው ነው ጥርጣሬ ያስመሰለው።"

እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ አንጀቴን በላችው። "አንቺ ሂጂልኝ" አለችኝ፤ ሱሉልታ ሄድኩላት። ሙአዊያ የሆነውን እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ "ነገ አማርኛ ብጽፍላትስ ታምነኛለች?" አለኝ። አዎ ልለው ፈለግሁ፣ አልወጣልኝም። "እንግዲያው ይቅርብን" አለ።

ስመለስ ሱቄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ያለውን ሁሉ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ፊቴን ትክ ብላ እያየች፣

"አንቺ ምን ብለሽው ነው?" አለችኝ።